እናቴ ለቄሱ ያልሰጠችው ስም

ሞቼ ነበር። ቢቸና ላይ ተለቅሶልኝ፣ ተቀብሬ፣ አርባዬ ሊወጣ አምስት ቀን ሲቀረው ነው መሞቴን የሰማሁት። እኔ በዚያ ሰዓት ሞጣ ሆኜ የሰው መስኮት እበይድ ነበር።

ሥራዬ ብየዳ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ቢቸና፣ እንጀራዬ የወጣው ሞጣ። ደኅና ጊዜ ቢሆን ከሞጣ በጧት የተነሣ ሰው ምሳውን ቢቸና ይበላል። ያ ሰሞን ግን ደኅና አልነበረም፤ መንገዱ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይዘጋል፤ ስልክም ከጠፋ ሰንብቷል። ወሬ የሚሄደው በሰው አፍ ብቻ ነበር። በሰው አፍ የሚሄድ ወሬ ደግሞ ምን ሆኖ እንደሚደርስ እኔን ጠይቁኝ።

አብሮኝ የሚበይድ፣ እኩያዬ የሆነ ጓደኛ ነበረኝ፤ የመርጡለ ማርያም ሰው ነው። አራት ዓመት አንድ ክፍል ተከራይተን ኖረናል። ቆሎዬን ሳያስፈቅድ ይበላል፣ መዶሻዬን ይወስድና የት እንደጣለው አያውቅም። ከሁሉ ከሁሉ ግን ፍርሃቱ! ከሥራ ቤታችን ፊት ለፊት ባለው ግቢ አንድ ጥርሱ የረገፈ ውሻ ነበር። ጓደኛዬ በዚያ በኩል ባለፈ ቁጥር በአፍንጫው ያንጎራጉራል። ግጥም የለው፣ ዜማው አይታወቅ፣ እንዲያው እም... እም... እያለ ነው የሚያልፈው። ሰማይ ሲያጉረመርምም እንደዚያው፤ ሽቦ ተቃጥሎ እሳት ሲረጭም እንደዚያው። ሲፈራ ነው። እኔን ደግሞ ድምፁ ያናድደኛል። «ወይ ዝፈን፣ ወይ ዝም በል!» እለው ነበር።

አንድ ቀን ቢቸና ያገለገለ የብየዳ ማሽን አለ ሲባል ሰማና ሄጄ ልየው አለ። የቀበሌ መታወቂያዬ ጊዜው አልፎበት ስለነበር «ለእህቴ ስጥልኝ፣ ቀበሌ ሰው ታውቃለች፣ ታሳድስልኛለች» ብዬ ሰጠሁት። ይህ ስሕተት ነው የሚለኝ ሰው ካለ የእኛን አገር ቀበሌ አያውቀውም። ሁላችንም መታወቂያችንን በመንገደኛ ነው የምንልከው። ሊሄድ ሲነሣ ሳየው በዚያ የንጋት ብርድ በስስ ሹራብ ቆሟል። ንድድ አለኝ። «በብርድ ብትሞት ለእናትህ ምን ልበላት?» ብዬ ጃኬቴን ወረወርኩለት። መታወቂያውን የጃኬቱ ኪስ ከተተና ሄደ።

ሳምንት አለፈ፣ ሁለት ሳምንት አለፈ፤ የለም። መንገዱ መዘጋቱን ሰምቻለሁና አልደነገጥኩም። ይልቅ ተናደድኩ። እናቱ ቤት ገብቶ ጃኬቴን ለብሶ ጠላውን ይጠጣል አልኩ። ወሩ ሲሞላ ለአንድ ደንበኛ «ሌባ ነው፣ ተወው» ብዬ አማሁት። ይህን ያልኩት እሱ አፈር ከገባ በኋላ መሆኑ እስካሁን ይቆጠቁጠኛል።

ሰኞ ዕለት አንዲት ሴትዮ የምድጃ እግር ሊያስበይዱ ገቡ። ጭምብሌን ከፊቴ ሳነሣ ሴትዮዋ ምድጃውን እግሬ ላይ ለቀቁት። ለካስ እናቴ ሰፈር ነጭ ሽንኩርት የሚነግዱ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያውቁኝ ሴት ናቸው።

«በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ!» አሉ ወደ በሩ እየሸሹ። «አንተን እኮ ቀብረንሃል! እኔ ራሴ ንፍሮህን በልቻለሁ!»

ውኃ አጠጥቼ፣ እጄን አስነክቼ፣ ጥላ እንዳለኝ አሳይቼ ነው ያስቀመጥኳቸው። ከዚያ ነገሩኝ። ሚኒባሱ ከጉንደ ወይን አለፍ እንዳለ ቁልቁለቱ ላይ ጎማው ፈንድቶ ተገለበጠ፤ እሳትም ያዘው። አንድ ሰው በመስኮት ወጣና እየተመላለሰ ተሳፋሪውን ማውጣት ጀመረ። አንዲት ባልቴት ልብሳቸው ሲቃጠል ጃኬቱን አውልቆ እሳቱን አፈነላቸው፣ ጠቅልሎም ዳር አስቀመጣቸው። በመጨረሻ ለሾፌሩ ተመለሰ፤ ሁለቱም አልወጡ። ባልቴቲቱ «ያተረፈን የዚህ ጃኬት ባለቤት ነው» እያሉ አለቀሱ። የጃኬቱ ኪስ ሲፈተሽ መታወቂያ ተገኘ፤ የእኔ።

«ደግሞ ሰው ሲያወጣ እያንጎራጎረ ነበር አሉ» አሉኝ ሴትዮዋ። «መዝሙር ነው ብለናል እኛ።»

ያለቀለትን መስኮት ተደግፌ ብረቱ ላይ ተቀመጥኩ። ሌላ የሚጠየቅ ነገር አልነበረም።

«ቅዳሜ ተዝካርህ ነው» አሉኝ ሴትዮዋ፣ ምድጃቸውን እያነሡ። «ገብሱን አዋጥተናል። እናትህ ግን ልጄ አልሞተም ብላ ጤናዋን አጥታለች። ተዝካሩ ካለፈ በኋላ ጠበል ሊወስዷት ነው።»

በዚያው ሰዓት ተነሣሁ። እስከ ጉንደ ወይን አይሱዙ ላይ ተጫንኩ፣ ከዚያ በእግር፣ ከዚያ በሰው በቅሎ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ቢቸና ገባሁ። እግሬ አብጦ ስለነበር ባጃጅ ያዝኩ። የባጃጁ መስታወት ላይ የመታወቂያ ፎቶዬን አስፍተው ለጥፈውታል፤ ከጀርባዬ ቀይ ካባ ቀጥለውልኛል፤ ከሥሩ «የቢቸናው ሱፐርሂሮ» ይላል። በመታወቂያ ፎቶ ላይ መቼም ሰው ሁሉ ሌባ ይመስላል፤ እኔ ካባ የለበሰ ሌባ መስያለሁ።

«ታውቀዋለህ?» አልኩት ባለ ባጃጁን።

«እንዴት አላውቀው! የልብ ጓደኛዬ ነበር» አለኝ ዞሮ በደንብ እያየኝ። እኔ ሰውየውን በሕይወቴ አይቼው አላውቅም።

የሞተ ልጅ አንገቱ ረዥም ነው ይባላል። የእኔ አንገት በአርባ ቀን ሰማይ ደርሶ ነበር። በለቅሶው ላይ አንዱ ፎካሪ ተነሥቶ ሚኒባሱን በአንድ እጁ አነሣው ብሎልኛል አሉ። በቁሜ ሰላምታ የማይሰጠኝ ሰው ሁሉ ምስክር ሆኗል።

ቤት ስደርስ አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ግቢ ውስጥ ጋን ከፍቶ ጠላ ይቀምሳል። ቀና ሲል አየኝ። ዋንጫውን እንደያዘ የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ሆነ፤

«ጠላው እኮ ደርሷል!»

ከዚያ በኋላ ነው የጮኸው። ሴቶቹ ጮኹ፣ ጎረቤት ጮኸ፣ ዘመድ ከያለበት ተጠራርቶ ላዬ ላይ ወደቀ። እኔ ግን ዓይኔ እናቴን ይፈልጋል። ጓዳ ውስጥ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። ጥቁር አልለበሰችም፤ ነጠላዋን እንኳ አላዘቀዘቀችም። አየችኝና አልተነሣችም።

«ጫማህን አውልቅ» አለች።

አወለቅሁ። የቀኝ እግሬ አውራ ጣት ጥፍር የለውም፤ ልጅ ሳለሁ የወፍጮ መጅ ወድቆበት ነው። ያችን ጣት በእጇ ይዛ «አላልኳችሁም?» አለችና ያን ሁሉ ቀን ያላለቀሰችውን አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። አፍሬ አልደብቀውም፣ እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት።

እህቴ ቁጭ ብላ የቀብሩን ነገር የነገረችኝ ከዚያ በኋላ ነው። አስከሬኑ በሣጥን ተዘግቶ ደረሰ። የእኛ ሽማግሌዎች ደግሞ ለእናት ደግ ያደረጉ እየመሰላቸው የተቃጠለ ሰው አያሳዩም። «መልኩ እንዳማረ በልብሽ ይቅር» አሏት። እናቴ «ፊቱን አላልኳችሁም፣ እግሩን ብቻ አሳዩኝ» አለች። እግሩንም ከለከሏት። ቢያሳዩዋት ኖሮ ይህ ሁሉ ጉድ አይመጣም ነበር፤ ግን ማን ጨክኖ ያሳያት?

ፍትሐቱ ሲደርስ ቄሱ የሟቹን የክርስትና ስም ጠየቁ። በዚያ ስም ነው ነፍስ የምትሸኘው፤ የቤት ስም ለቤት ነው። የእኔን የክርስትና ስም የሚያውቁት አባቴ፣ የክርስትና አባቴና እናቴ ነበሩ። ሁለቱ ሞተዋል። የነፍስ አባት እንዳይጠየቅ፣ እኔ ንስሐ ከገባሁ ዘመን የለውም። እኔ ራሴ እንኳ ገብረ ብሎ መጀመሩን እንጂ ቀሪውን ረስቼዋለሁ። ስለዚህ ስሙ ያለው እናቴ ዘንድ ብቻ ነው።

ቄሱ ጸሎቱን እያነበቡ ስሙ ከሚጠራበት ቦታ ሲደርሱ ቆም ብለው አዩዋት። አጎቴ በክርኑ ነካ አድርጎ «ንገሪያቸው እንጂ! ነፍሱ ደጅ ትቁም እንዴ?» አላት።

«የእኔ ልጅ አያንጎራጉርም» አለች። «በሕይወት ያለ ልጄን ስም ለሙታን ጸሎት አልሰጥም።»

ሕዝቡ አበደች አለ። ቄሱ ጥቂት ጠበቁና «ጌታ ሆይ፣ አንተ ታውቀዋለህ» ብለው አለፉት። ሣጥኑም ያለ ስም ወረደ።

እህቴ ይህን ስትነግረኝ እናቴ አጠገባችን ነበረች። ጥጡን አስቀመጠች።

«ጃኬትህን የሰጠኸው ማን ነው?» አለችኝ።

ነገርኳት።

«እናት አለችው?»

«አለችው። መርጡለ ማርያም።»

«ሰምታለች?»

«ከየት ትሰማለች?»

እናቴ ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። ለእኔ ብላ ስሜን ከልክላ አዳነችኝ፤ ግን ሣጥኑ ባዶ አልነበረም። «የሰው ልጅ ያለ ስም አስቀበርኩ» አለች። አጎቴ «አንቺ ስሙን በየት ታውቂው ነበር? የልጅሽን ብትሰጪስ ስሕተት አልነበር?» ብሎ ሊያጽናናት ሞከረ። አልሰማችውም። አርባው ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ያ ልጅ በስሙ ካልተሸኘ እሷ ዕድሜ ልኳን አታርፍም፤ ይህን ለማወቅ ልጇ መሆን ብቻ ይበቃል።

አጎቴ ሽማግሌ እንላክ አለ። እናቴ «ለእናት የምትነግር እናት ናት» ብላ ነጠላዋን አጣፋች። ለእኔ ያላደረገችውን ያን ጊዜ አደረገች፤ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ረቡዕ እሷ፣ አጎቴና እኔ ተነሣን፤ ማታ መርጡለ ማርያም ደርሰን አንድ ዲያቆን ቤት አደርን። መርዶ ጧት ነው የሚነገረው፤ ሰው እህል ሳይቀምስ፣ ሥራ ሳይጀምር። ሐሙስ ገና ሳይነጋ ከዲያቆኑና ከሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ጋር የጓደኛዬን እናት በር አንኳኳን።

በሩን ከፍተው የማያውቁትን ሰው በዚያ ሰዓት ተሰልፎ ሲያዩ እጃቸው በሩ ላይ ቀረ። እናቴ ጃኬቱን ከነጠላዋ ሥር አወጣችና ሰጠቻቸው። ከእሳቱ የተረፉት ባልቴት አጥበው የመለሱት ነው፤ አንድ እጅጌው ተለብልቧል።

የጓደኛዬ እናት ጃኬቱን አገላብጠው አዩት። ከዚያ ፊታቸው በራ። ይህን መቼም አልረሳውም።

«የልጄ አይደለም!» አሉ። «ልጄ እንዲህ ያለ ጃኬት የለውም። እሰይ! ቤት ተሳስታችኋል፣ የምትፈልጉት ሌላ ነው።»

አጎቴ መሬት መሬት ያያል። እንግዲህ ማን ይናገር? ጃኬቱ የእኔ ነው።

«የእኔ ነው፣ እማማ» አልኩ። «ብርድ ነው ብዬ እኔ ነኝ ያለበስኩት። አብሬው ነው የምሠራው።»

«ልጄ እሳት ውስጥ አይገባም» አሉኝ እናቲቱ፣ ዲያቆኑ ነገሩን ሲያስረዷቸው፣ ቁጣ በተቀላቀለበት ድምፅ። «ውሻ የሚፈራ ሰው ነው። አታውቀውም እንዴ?»

«አውቀዋለሁ። እኔም አላምንም ነበር። ግን ሰው ሲያወጣ እያንጎራጎረ ነበር ይላሉ።»

ጃኬቱን እንደያዙ የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አሉ። ብዙ አልጮኹም።

«ፈርቶ ነበር» አሉ። «ልጄ ፈርቶ ነበር።»

ቢቸና ያን ሁሉ ቀን ሲያለቅስ፣ ሲፎክር፣ ካባ ሲያለብስ ይህን ያወቀ አንድ ሰው አልነበረም። እየፈራ ነው የተመላለሰው። እኔ አራት ዓመት አብሬው ኖሬ ያን ድምፅ ዝም በል ስል ነው የከረምኩት።

ረፋዱ ላይ ለቅሶው ጋብ ሲል አጎቴ ጉሮሮውን ጠርጎ የቅዳሜውን ነገር አነሣ። ቄሱ የክርስትና ስሙን እንደሚፈልጉ፣ እሳቸውም እንዲሰጡን፣ ነፍስ እንዳትጉላላ። አጎቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር መጨረስ ይወዳል።

«እግሩን ያየ አለ?» አሉ የጓደኛዬ እናት።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«እጁንስ? እንግዲያው ምን አይታችሁ ነው? ስሙን አልሰጥም።»

አጎቴ «ኧረ እህቴ፣ ነፍሱ...» ብሎ ሊቀጥል ሲል እናቴ ዞረች።

«አፍህን ያዝ!» አለችው። በሰው ፊት ታላቅ ወንድሟን እንዲህ ስትል ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ተጠግታ የጓደኛዬ እናት አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። «ስጪኝ አልልሽም» አለቻቸው። «እኔም አልሰጠሁ። ያላየሽውን እመኚ የሚልሽ ሰው ይፈር። ግን ልጅሽ ከኔ ልጅ መቃብር ውስጥ ነው የተኛው፤ የኔ ልጅ ደግሞ ያውና ቆሟል። ባዶ እጄን አልመጣሁም።»

ይህን ብላ ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አለችና የሆነ ነገር አንሾካሾከች። አጭር ነው። የጓደኛዬ እናት ቀና ብለው አዩኝ፤ ከላይ እስከ ታች፣ እንደሚገዛ በሬ።

«ለቄስ ያልሰጠሁትን ነው የሰጠሁሽ» አለች እናቴ። «ያንቺን የፈለግሽ ዕለት።»

ዓርብ አብረውን ቢቸና መጡ። ስለ ስሙ ማንም አላነሣም፤ አጎቴም ቢያምረው አልደፈረም። ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሱፐርሂሮው ከሞት ተነሣ ተብሎ ከሉማሜ ድረስ ሰው መጥቶ ነበር። መቼም ሰው እኔን ሲያይ የተከፋ ነው የመሰለኝ፤ ካባ የለኝ፣ ቁመት የለኝ። አንዱ «ይሄ ነው እንዴ?» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔ አይደለሁም፤ እሱ ያ ከድንጋዩ ሥር ያለው ነው ብዬ ለስንቱ ልንገር?

ቄሱ መቃብሩ ላይ ቆመው ጸሎቱን ጀመሩ። ስሙ ከሚጠራበት ቦታ ሲደርሱ፣ እንደዚያ ቀን፣ ቆም አሉ። እናቴን አዩ። እናቴ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። አጎቴ ሲንቆራጠጥ ይሰማኛል። የጓደኛዬ እናት መቃብሩን ያያሉ። ቄሱም ሽማግሌ ናቸውና አልቸኮሉም፤ መጽሐፉን ከፍተው እንደያዙ ጠበቁ። እኔ በልቤ «ባይሰጡም አልፈርድም» እያልኩ ነበር። ከሰጡ ልጃቸው በቃ ሞተ ማለት ነው።

ከዚያ የጓደኛዬ እናት የእናቴን እጅ ያዙና ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አሉ። እናቴ ሁለት ጊዜ ራሷን ነቀነቀች። ሕዝቡ መካከል መንገድ ተከፈተላት፤ ሄዳ ለቄሱ ነገረቻቸው። ቄሱም ጮክ ብለው ጠሩት። ያ ሁሉ ሰው ባንድ ድምፅ ሲያለቅስ ምድሩ የተነቃነቀ መሰለኝ። የጓደኛዬ እናት ግን አላለቀሱም፤ የልጃቸው ስም በተጠራ ቁጥር «አቤት» ይላሉ፣ በቀስታ፣ እሱን ተክተው።

ለእኔ የተጠመቀው ጠላ ለእሱ ተጠጣ። አንድም ጋን አልተረፈም።

የጓደኛዬን እናት ሲመለሱ ሸኘኋቸው። መኪናው ሊነሣ ሲል ጃኬቱን አውጥተው ሰጡኝ። «እርስዎ ያስቀምጡት» አልኳቸው። «የልጄ አይደለም አልኳችሁ እኮ፣ ያንተ ነው፣ ልበሰው» አሉኝ።

አሁን ስልክ ተመልሷል፤ በሠራ ቀን ይደውላሉ። ስሜን፣ ያን እኔ የረሳሁትን፣ ሁለት ሴቶች ያውቁታል፤ አንዷ ቢቸና፣ አንዷ መርጡለ ማርያም። እናቴን ምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም፤ በነሱ ዘንድ ይቀመጥ። የጓደኛዬ እናት ሲደውሉ ብዙ አያወሩም። ስለ ልጃቸውም አያነሡም። ደህና መዋሌን ይጠይቁና «ብርድ ነው፣ ጃኬቱን ለብሰሃል?» ይሉኛል።

እሳት ፊት ቁጭ ብዬ ላብ እያጠመቀኝም ቢሆን «ለብሻለሁ፣ እማዬ» እላቸዋለሁ።